መቶ ዋት ሬዲዮ ምን ታሰማን?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አነስተኛ ኃይል ላላቸው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች አዲስ ማመልከቻ ተቀብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በሩ የተከፈተው በ2013 ነው። ፈቃዱ ለንግድ አይሰጥም። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት ግን፣ መስጂዶች ጭምር፣ ማመልከት ይችላሉ። በውጭ ባለው ማኅበረሰባችን «የራሳችን ሬዲዮ ቢኖረንስ?» የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፈቃዱና ስለ ማሰራጫው ዋጋ ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይተላለፍ የሚለው ግን «ኢንሻአላህ ያኔ እናየዋለን» ተብሎ ይታለፋል። እኛ መቅደም ያለበት ይህ ነው እንላለን።

መጀመሪያ የጣቢያውን አቅም እንወቅ። የእንዲህ ዓይነት ሬዲዮ ከፍተኛ ኃይል 100 ዋት ነው። በደንብ የሚሰማውም በ5.6 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ገደማ ነው። ለአንድ ሰፈር እንጂ ለአንድ ከተማ አይበቃም።

በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው 24 ሰዓት ቁርኣን ማሰማት ነው። የተከበረ ሐሳብ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። የካይሮው የቁርኣን ሬዲዮ በማርች 1964 ሲጀመር ግን በቂ ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን ስሕተት የገባባቸው የቁርኣን ኅትመቶች እየተሠራጩ ነው የሚል ሥጋት ተፈጥሮ ነበርና፣ በሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ የተቀረጸውን ትክክለኛ ቲላዋ በየቤቱ ማድረስ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ያ ቲላዋ በሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። የሚወደውን ቃሪእ በስልኩ መርጦ የሚያዳምጥ ሰው፣ ያንኑ ለመስማት በሚንሿሿ ሞገድ ላይ የሚደክምበት ምክንያት አይታየንም።

ደንቡም ቢሆን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ለአንድ ሞገድ ሁለት አመልካቾች ሲጋጩ ኮሚሽኑ ነጥብ ይሰጣል። ነጥብ ከሚያስገኙት አንዱ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት በአካባቢው የተዘጋጀ ፕሮግራም ለማስተላለፍ ቃል መግባት ነው። ፕሮግራሙ ከአንቴናው በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ መሠራት አለበት። ከመካ ወይም ከካይሮ የተቀዳ አይቆጠርም። ራሳችን ያዘጋጀነውም ቢሆን ሁለት ጊዜ ከተላለፈ በኋላ ድግግሞሽ ይባላል። እንግዲህ በሳምንት 56 ሰዓት መሆኑ ነው! ነጥቡን ፈልጎ ቃል የገባና አምስት በጎ ፈቃደኛ ብቻ ያለው ማኅበር በሦስተኛው ወር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ዝቅተኛው የሥርጭት ግዴታ በሳምንት 36 ሰዓት ስለሆነ፣ ሰው የሌለው ማኅበር ቃሉን ባይገባ ይሻለዋል።

ሰው ካለ ግን ስልክም ሳተላይትም የማይሰጠው ነገር ሞልቷል። የጀናዛ ማስታወቂያ አለ፤ ሶላቱ የት መስጂድ፣ በስንት ሰዓት፣ ቀብሩ የት እንደሆነ። የጁሙዓ ኹጥባ በቀጥታ አለ። የስኳር ሕመምተኛ በረመዷን እንዴት ይጹም የሚለውን የሚመልስ ሐኪም፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የስልክ ጥያቄ የሚቀበል ጠበቃ፣ ቅዳሜ ማለዳ የመድረሳ ልጆች የሐፈዙትን የሚያሰሙበት ግማሽ ሰዓት። እናት የልጇን ድምፅ በሬዲዮ ለመስማት ስትል ጣቢያውን ትከፍታለች፣ ጎረቤቷንም ትጠራለች።

ሰዓቱም በአድማጩ ኑሮ ይለካ። ከማኅበረሰባችን ብዙው ታክሲ ነጂ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛና የሌሊት ተረኛ ነው። ከፈጅር በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታትና ከመግሪብ በፊት ያለው ጊዜ ዋነኞቹ ናቸው። የአንድ ሰዓት ሙሐደራ እነዚህ ላይ አይቀመጥም። ክፍል ውስጥ ያስተማርን ሰዎች አርባ ደቂቃ ሙሉ ጆሮ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ መሪ ይዞ ላለ ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አዲስ አበባ ይሠራ የነበረውን የሉተራውያኑን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። ከፕሮግራሙ 30 በመቶ ያህሉን ለስብከት፣ ቀሪውን 70 በመቶ ለዜና፣ ለትምህርትና ለባህል ያውል ነበር። በእምነቱ አንስማማም፤ ስሌቱ ግን ሊጠና ይገባዋል።

ቋንቋ የባሰ ጥያቄ ነው። በሚኒያፖሊስ በ2015 አየር ላይ የዋለው ካሊ 101.7 የሶማሊኛ ጣቢያ ሆኖ መቆም የቻለው ሶማሌ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ግን በብዙ ከተሞች የተበታተነ ነው። በ5.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ቤት እንዳለን ቆጥረን እንወስን። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አማርኛ ከኦሮምኛ፣ ከሐረሪ፣ ከሶማሊኛና ከዐረብኛ ጋር ሰዓት ይካፈል፣ ለልጆቻችንም እንግሊዝኛ ይጨመር። «የእኛ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሰፋ ማለት አለበት።

ብሪታንያ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ለረመዷን ብቻ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ፈቃድ እያወጡ ለዓመታት ሲለማመዱ ኖረዋል። ዛሬ እንደ በርሚንግሃሙ ዩኒቲ ኤፍ ኤምና እንደ ሉተኑ ኢንስፓየር ኤፍ ኤም ያሉ ቋሚ ጣቢያዎች አሉ። አሜሪካ ላሉትም ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ አንድ ረመዷን በኢንተርኔት ሞክሮ ማየት ብዙ ያስተምራል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ጣቢያው ማስታወቂያ መሸጥ አይችልም። የደገፈውን ሱቅ ስም ማመስገን ይፈቀዳል፤ «ኑና ግዙ» ማለት፣ ዋጋ መጥራት አይፈቀድም። ሥጋ ቤቶቻችንና ምግብ ቤቶቻችን ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኋላ ቅሬታ አይኖርም።

የምንፈራው ኺላፉን ነው። መንዙማ ይሰማ? በመሣሪያ የታጀበ ነሺዳስ? እህቶች ፕሮግራም ይምሩ? ለየትኛው ኡስታዝ ማይክ ይሰጥ? እነዚህን ያልወሰነ ጣቢያ በየቀኑ ማይኩ ፊት የተቀመጠው ሰው ይወስንለታል፤ ጀመዓውም በየሳምንቱ ይጣላል። የእኛ አቋም ከአንድ መስጂድ ብቻ ያልተውጣጣ፣ እህቶችም የተካተቱበት የፕሮግራም ሹራ ተቋቁሞ መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጥ የሚል ነው። የወሎ ሸይኾች መንዙማ ሕዝቡን ዲን ያስተማረበት ቅርስ ነውና ቦታ ሊያጣ አይገባም። የማይቀበሉት ወንድሞችም የራሳቸው የደርስ ሰዓት ይኑራቸው፤ አንዱ በሌላው ሰዓት ላይ መልስ እንዳይሰጥ ግን ይከልከል።

ከሁሉ በፊት ግን የሸዕባን 29 ምሽት ይታሰብበት። በአንድ ከተማ ሁለት መስጂዶች ጾሙን በተለያየ ቀን ሲጀምሩ አይተናል። በዚያ ምሽት ሰዉ ሁሉ ሬዲዮውን ይከፍታል። ጣቢያው የራሱን ፍርድ ሳይጨምር የሁለቱንም ውሳኔ በየስማቸው፣ ከነተራዊሕ ሰዓታቸው ያንብብ። ማን እንደሚያነበውም ረጀብ ሳያልቅ ይወሰን።