አሮጌውን የጦር መኪና በተሳቢ ስለ መውሰድ

ያባቱን ጋሻና ጦር በግድግዳ ሰቅሎ የሚጠብቅ ሰው የአባቱን ስም ሳይረሳ ይኖራል። እንደዚሁም በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉትን መኪናዎች ገዝተውና አድሰው በቤታቸው ያኖራሉ። ከነዚህም ሁሉ ይልቅ የተወደደችው ጂፕ የምትባለው ትንሽ መኪና ናት፤ እርስዋንም የዊሊስና የፎርድ ፋብሪካዎች በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ከ600,000 በላይ አድርገው ሠርተዋታል። በ1944 ጁን 6 ቀን በኖርማንዲ ዳርቻ የወረደው ጦር በየዓመቱ ሲታሰብ፥ ከእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች ጂፓቸውን ይዘው በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ይሻገራሉ።

ይህች ጂፕ ዕድሜዋ ከ80 ዓመት ያለፈ ስለ ሆነ፥ በራስዋ ጎማ ረዥም መንገድ ብትሄድ ሞተርዋ ይደክማል፤ ፍሬንዋም ከዛሬዎቹ መኪናዎች ፍሬን ጋራ አይተካከልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለቤቶች በተሳቢ ላይ ጭነው በሌላ መኪና ይስቧታል። በሚስበው መኪና ውስጥ ሚስትና ልጆች ተቀምጠዋል፤ በመንገዱም ላይ የሌላው ሰው ሚስትና ልጆች በፊትና በኋላ ይሄዳሉ። ነገሩ ለቤተ ሰብ ገጽ የተገባ መሆኑ ስለዚህ ነው።

በታላቋ ብሪታንያ ከ1997 መጀመሪያ ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከባድ ተሳቢ ለመጐተት ሌላ ፈተና መፈተን ነበረበት። ከ2021 ዲሴምበር 16 ቀን ጀምሮ ግን ፈተናው ቀርቶ፥ እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ያለ ፈተና እንዲጐተት ተፈቀደ። ሆኖም ሕጉ ፈታኙን አነሣ እንጂ አደጋውን አላነሣም። እንግዲህ ፈታኙ የያንዳንዱ ሰው የገዛ ሕሊናው ነው።

መጀመሪያ የሚታሰበው ክብደት ነው። ጂፒቱ 1,100 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ተሳቢው ባዶውን 500 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 1,600 ኪሎ ይሆናል። ይህን ቍጥር በሚስበው መኪና መጽሐፍና በተሳቢው ላይ ከተጻፈው ልክ ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። ጠንካራ ሞተር ያለው መኪና ከተፈቀደለት በላይ ቢጭኑበትም ይጐትት ይሆናል፤ ነገር ግን ቍልቍለት ላይ ሲደርስ ማቆም ያቅተዋል። ስለዚህ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያዛል፤ ደግሞም ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን ስቦ የሚያስይዝ ቀጭን የብረት ገመድ ይደረግለታል። ይህን ገመድ ሳያያይዝ የሚነሣ ሰው በር ሳይዘጋ እንደሚተኛ ሰው ነው።

ሁለተኛው የጭነቱ አቀማመጥ ነው። አጋሰስ የጫነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጭነት ወደ ኋላ የተንሸራተተባት በቅሎ መሄድ አትችልም፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ አንገትዋ የመጣባትም ትደፋለች። ተሳቢም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ካለፈ፥ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ፊተኛውንም መኪና ይዞት ይገለበጣል። በእንግሊዝ አገር ባለሙያዎች የሚመክሩት፥ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 5 እስከ 7 የሚሆነው በመጐተቻው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ይህም በ1,600 ኪሎ ላይ ከ80 እስከ 112 ኪሎ ማለት ነው። ሆኖም መጐተቻው ከዚህ ያነሰ ልክ ተጽፎበት እንደ ሆነ፥ የሚከበረው የተጻፈው ልክ ነው። ሚዛኑ አልደርስ ሲል ጂፒቱን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድረግ ያስተካክለዋል፤ ከተስተካከለም በኋላ ቦታውን በተሳቢው ወለል ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ለሚመጣው ዓመት ድካም ያስቀራል።

ሦስተኛው ማሰር ነው። አንዳንድ ሰው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ማርሽ ካስገባ በኋላ በዚያው ይታመናል። ነገር ግን የዚህች ጂፕ የእጅ ፍሬን ጎማዎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ኀይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ስለ ሆነ ብቻውን አይበቃም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ በአራቱ ማዕዘን አራት ጠፍር ያስፈልጋል። በብሪታንያ ያለው መመሪያ፥ እስራቱ ወደ ፊት የጭነቱን ሙሉ ክብደት፥ ወደ ጐንና ወደ ኋላ ደግሞ ግማሹን እንዲችል ይላል፤ ለጂፒቱ 1,100 እና 550 ኪሎ መሆኑ ነው። ጠፍሩ በሻንሲው ላይ ቢታሰር ባሌስትራው በጐደጐደ መንገድ ከፍ ዝቅ ሲል ይላላል፤ ስለዚህ የፍሬኑን ቱቦ ሳይነኩ በጎማው ዘንግ ላይ ማሰር ይሻላል። ጠርዙ የተበላ ወይም የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ምልክት የጠፋ ጠፍር ይጣል፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥምና።

ከዚህ በኋላ ትንንሹ ነገር አይናቅ። ጂፒቱ በጐንዋ አካፋና መጥረቢያ፥ በኋላዋም ጀሪካን የምትይዝ ስለ ሆነች፥ እነዚህን አውርዶ በመኪናው ውስጥ ማኖር ይገባል፤ ሸራውንም ነፋስ እንዳይቀደው መፍታት ያሻል። የተሳቢው ጎማ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሰነጠቀ እንዳይሆን፥ ዳዶዎቹ ጠብቀው እንደ ሆነ፥ የኋላው መብራት መብራቱን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይመልከት። ይህ ለልጆች የሚሆን መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ በተሳቢው ላይ ባለችው ጂፕ ውስጥ ተቀምጠን እንሂድ ቢሉ፥ እያለቀሱም ቢሆን ይከልከሉ። በዚያ ላይ ማንም ሰው ሊቀመጥ አይገባም።

በመንገድም በብሪታንያ ተሳቢ የሚስብ መኪና በተራው መንገድ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር፥ በሰፊው አውራ ጐዳና ከ96 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ ተወስኗል። በጕዞው መጀመሪያ ጥቂት እንደ ሄዱ ቆሞ ጠፍሮቹን በእጅ መፈተን ያስፈልጋል፤ አዲስ የተሳበ ጠፍር ይላላልና። ከመርከብም ሲወርዱ ባሕሩ ያናወጠውን ማየት ይገባል። ተሳቢው መወዛወዝ ቢጀምር፥ ፍሬን በኀይል መርገጥ ወይም መሪን ወዲያና ወዲህ ማዞር ጥፋቱን ያብሳል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከቤንዚኑ መርገጫ ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው መድኀኒቱ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ደም ቢሆን አይለቀምም። ጂፒቱ ጦርነቱን አልፋ እስከ ዛሬ ቆይታለች፤ ከመነሣቱ በፊት አንዲት ሰዓት ለምርመራ የሚሰጥ ባለቤትም እርስዋን ለልጁ ያወርሳል፥ ልጁንም በደኅና ወደ ቤቱ ይመልሳል።