ሰውየው ምን ላይ ነው የሚመራመሩት?

ባለፈው ሴሚስተር ለክፍል ሥራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን የፊዚክስ ምሁር የሙሉጌታ በቀለን ታሪክ ጻፍኩ። በደርግ ዘመን መታሰራቸውን፣ እስር ቤት ሆነው ፊዚክስ ማስተማራቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳኻሮቭን ሽልማት እንደሰጣቸው ሁሉ አልቀረኝም። ፊዚክስ የሚማረው የዶርም ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ፣ «እሺ፣ ሰውየው ምን ላይ ነው የሚመራመሩት?» አለኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ።

የቴፒ ልጅ ነኝና ቡና እየጠጣን ከእሸት ቡና መፈልፈያው ሞተር ጀመረልኝ። ሞተሩ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ከሙቀቱ ከፊሉ ሥራ ይሆናል፣ ቀሪው አየር ላይ ይበተናል። ሞተሩ በዓይን የማትታይ አንዲት ቅንጣት ብቻ ቢሆንስ? ሙሉጌታ በቀለና መስፍን አስፋው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አስልተዋል። ፈሳሽ ውስጥ ያለች ቅንጣትን ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ስለሚገፈትሯት ወዲያ ወዲህ ትላለች። መንገዷ እንደ መጋዝ ጥርስ ዳገትና ቁልቁለት ቢኖረው፣ አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ፣ በሞቀው በኩል ዳገቱን መውጣት ይቀላታል። እንዲህ እያለች ወደ አንድ አቅጣጫ ትሄዳለች፤ ጭነትም ትጎትታለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በስሌቱ መሠረት ብክነቷ እጅግ እንዲያንስ ከተፈለገ መንቀሳቀሷ እስኪያጠራጥር ድረስ መዝገም አለባት፤ ያኔ በሰዓት የምትሠራው ሥራ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስትፈጥን ደግሞ ታባክናለች። ስለዚህ ጥሩ ሞተር መንደፍ ማለት ሁለቱን ማመዛዘን ነው።

ይህ በአማርኛ ሊነገር የማይችል ነገር ነው? አይደለም! እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ስለ ምሁሩ እስርና ሽልማት እንጽፍና ሥራቸው ጋ ስንደርስ «ታዋቂ ሳይንቲስት» ብለን እናልፋለን። «ሙሉ በሙሉ ሳይገባን እንዴት እንጽፋለን?» የሚል ይኖራል። ስህተትን መፍራት ደግ ነው። ነገር ግን ምንም እንዳይሳሳት ብሎ የሚዘገም ብዕር እንደዚያች ቅንጣት ነው፤ አያባክንም፣ ሥራም አይሠራም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየእትሙ አንድ ገጽ ለሳይንስ ይሰጠን። የእኛ ተማሪ ይጻፍ፣ የፊዚክስ ወይም የባዮሎጂ ተማሪ ስህተቱን ይልቀምለት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ እጀምራለሁ። ጓደኛዬም አራሚ ሊሆን ቃል ገብቷል፤ ቡናውን ግን እኔ ነኝ የምጋብዘው።