ውሸት በ24 ሰዓት፣ እውነት በ30 ቀን

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ለሽምግልና ጥሩ አባባል ነው፤ ለምርጫ ግን አይሆንም። ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ከከተትክ በኋላ የጠራ እውነት ምን ያደርግልሃል?

እስቲ ሁለት አዋጆቻችንን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ሐሰተኛውን መረጃ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ስለ መረጃ ነፃነት በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ፣ ዜጋ መረጃ ሲጠይቅ ለመሥሪያ ቤቱ እስከ 30 ቀን ይሰጠዋል። ውሸትን ለማንሳት አንድ ቀን፣ እውነትን ለመስጠት አንድ ወር!

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ሎጉን ነው። ሎጉን ደብቆ ተጠቃሚውን «ተበላሸ ብለህ እንዳታወራ» የሚል ድርጅት ቢኖር እንስቅበት ነበር። መንግሥት እንዲህ ሲያደርግ ግን «ሰላም ማስከበር» እንለዋለን።

ውሸት ሰው አስገድሏል፤ ይህን አልክድም። ግን መልሱ ምን ነበር? ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ታዲያ ወሬው ቆመ? ስልክ አለ አይደል! «እንዲህ ሆነ አሉ» ከቤት ቤት ይደወል ነበር። የጠፋው የሰማነውን የምናጣራበት ቦታ ነው። ማስረጃውን የያዘው ዝም ሲል፣ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ የሚፈርደውም እሱ ብቻ ይሆናል።

የተሻለ መንገድ እዚሁ ሕጋችን ውስጥ አለ። በምርጫ ሕጋችን የየጣቢያው ድምፅ ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ በማግስቱ ሌላ ቁጥር ሲሰማ ያመሳክራል። ያ ወረቀት ማንንም ሳያስር ስንቱን ወሬ አፉን ያስይዛል!

እኔም ሳላጣራ ሼር ያደረግኩት አለ፤ አፍርበታለሁ። ግን ላጣራ ብል የት ሄጄ?

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ መሥሪያ ቤቶቻችንም በ24 ሰዓት ይመልሱ። አይቻልም የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ ፌስቡክን «በ24 ሰዓት አንሳ» ሲል በምን ሒሳብ ይቻላል እንዳለ ያስረዳን።