«የፍቅር ከተማ» ከተባልን በኋላስ?

ድሬዳዋ ላይ መድረክ የወጣ ባለሥልጣን ንግግሩን በምን እንደሚከፍት ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «የፍቅር ከተማ»፣ «የበረሃዋ ንግሥት»፣ «ሁሉን አቃፊዋ ድሬ»... አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ከዚያ ዕቅድ ይነበባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እንግዳው ወደመጣበት ይመለሳል። እኛም ምስጋናችንን ይዘን ወደየበርጫችን እንበተናለን።

ምስጋናው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀሉ ማደግ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። የሚያስፈራኝ ምስጋናው እውነት መሆኑ ነው። እውነት ስለሆነ ልባችን ይሞቃል፤ ልባችን ሲሞቅ ደግሞ ልንጠይቅ ይዘነው የመጣነው ጥያቄ ኪሳችን ውስጥ ይቀራል።

የመሪ አንደበት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቃለን። በመሪ ቃል ዘምተናል፣ በመሪ ቃል ተገዳድለናል፣ በመሪ ቃል ከደመወዛችን ቆርጠን ግድብ ሠርተናል። ስለዚህ «እገሌማ ተናጋሪ ነው!» ብሎ ማድነቅ ብቻውን የትም አያደርስም። ማየት ያለብን ንግግሩ ሰሚውን ምን እንዳደረገው፣ ተናጋሪውንም በምን እንዳሰረው ነው። እስቲ ከራሳችን ታሪክ ጥቂቶቹን እንመልከት።

አንድ ገጽ የማይሞላው አዋጅ

አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ያስነገሩት የክተት አዋጅ አንድ ገጽ አይሞላም። ውስጡን ልብ ብላችሁ ብታዩት ግን ብዙ ሥራ ይሠራል።

በመጀመሪያ ጠላቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ ነው፤ የጎረቤት ልጅ አይደለም። ቀጥሎ ድካምን አይደብቅም። ሀገሩ ከክፉ ቀን ገና አላገገመም ነበር፤ ንጉሡም ከብቱ ማለቁንና የሕዝቡን መጎሳቆል አይተው እስካሁን መታገሣቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ያድላል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ ይርዳ። በመጨረሻም መገናኛውን ይቆርጣል፤ ቦታው ወረኢሉ፣ ጊዜው የጥቅምት እኩሌታ።

ዛቻም አለበት፤ የቀረ ሰው ማንም ቢያማልደው አይማርም። የዘመኑ ንጉሥ ነዋ! ግን አዋጁን የሰማ ገበሬ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ንጉሡም ወረኢሉ ላይ ካልተገኙ ቃላቸው እዚያው ይፈርስ ነበር። ቀጠሮው ጠሪውንም ተጠሪውንም እኩል ያሰረ ነው።

ድሬ ያኔ ገና አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ ደርሶ ከተማ የሆነችው በ1895 ነው። ከጎረቤታችን ከሐረር ግን ራስ መኮንን ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ። በኅዳር 1888 መጨረሻ አምባላጌ ላይ ነበሩ።

አንድ ሰው፣ አንድ ወር፣ ሁለት ንግግር

ሁለተኛው ታሪክ ድሬን በቀጥታ ይነካታል። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት ሀገር ጥሪ አስተላለፉ። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰባሰበው ሚሊሺያ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። በዚያው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ እስከ ድሬዳዋ ዳርቻ መጣ። ድሬ ብትያዝ የባቡር መስመሩም የአየር ኃይሉ ጣቢያም ይሄድ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ወደቀች፤ ድሬ ግን አልወደቀችም። ያንን ነሐሴ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በየሠፈሩ አሉ።

ያንኑ ሚያዝያ፣ ያው ሰው፣ አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ሌላ ንግግር አደረጉ። በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባበሩ፤ የአብዮቱ ጠላቶች ደም እንዲህ ይፈሳል ለማለት ነው። ሕዝቡ ጮኸ፣ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። ቀይ ሽብር ሺዎችን በላ፤ የሟች እናት ልጇን እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ዘመን ነበር።

ሁለቱ ንግግሮች በድምፁ ግለት፣ በእጅ ውርወራው፣ በቃላቱ ጉልበት የሚለያዩ አይደሉም። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። አንደኛው «ጠላት» ያለው ድንበር ጥሶ የመጣውን ጦር ነው። ሁለተኛው «ጠላት» ያለው የራስህን ወንድም፣ የክፍል ጓደኛህን፣ ከጎንህ ቆሞ የሚያጨበጭበውን ልጅ ሊሆን ይችላል። አድማጭ ግን በስሜት ሲግል ይህን ልዩነት ለማየት ጊዜ አይኖረውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመልጣል ይባላል። የመሪ አፍ ሲያመልጥ ግን የሚመለጠው የሌላ ሰው ራስ ነው።

መጋቢት 24 ሁለት ጊዜ

መጋቢት 24 ቀን 2003 መለስ ዜናዊ ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ መሠረት ሲጥሉ፣ ለወዳጆቻቸውም ለተቃዋሚዎቻቸውም የማይረሳ ንግግር አደረጉ። ውጭ ብድር አይሰጠንም፣ ወጪው ከባድ ነው፣ ግን በራሳችን እንሠራዋለን አሉ። ዋጋውን ፊት ለፊት ነገሩን። ሕዝቡም ድርሻውን አገኘ፤ የወር ደመወዝ፣ ቦንድ፣ የ8100 አጭር መልዕክት። ለኢሕአዴግ ድምፁን የማይሰጥ ሰው ሳይቀር ቦንድ ገዛ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ከ14 ዓመት በኋላ።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ግን መዘንጋት የለበትም። ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝብ ሜቴክ ሥራውን እንዳጓተተው በይፋ የሰማው በ2010 ነው። አዋጡ ለማለት መድረክ ነበረ፤ «ያዋጣችሁት እዚህ ደርሷል፣ እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ለማለት ግን ለዓመታት መድረክ ጠፋ። ድርሻ ሰጥቶ ሒሳብ የማያቀርብ ንግግር ግማሽ ንግግር ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 24 ቀን 2010፣ ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ያልተቀመጠ ማን ነበር? እናታቸውን አመሰገኑ፣ ሚስታቸውን አመሰገኑ፣ ለሞቱት ይቅርታ ጠየቁ፣ «ተቃዋሚ» ሲባል የኖረውን «ተፎካካሪ» አሉት። አንድ ቃል መቀየር ብቻ ነበር። ግን ስንት ዓመት ከጠላት ተራ ተቆጥሮ የኖረ ሰው በዚያች ቃል ሰው ሆኖ ተመለሰ።

ቃል ሰውን ከፍ ያደርጋል ካልን፣ ዝቅ እንደሚያደርግም መቀበል አለብን። በጦርነቱ ዓመታት ከዚያው ከመንግሥት አንደበት «ካንሰር» እና «አረም» የሚሉ ቃላት ወጡ። በጥቅምት 2014 ፌስቡክ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ገጽ አንድ ጽሑፍ ሁከት ያነሳሳል ብሎ አነሳ። ከሌላውም ወገን የወጣው ስድብ ከዚህ የሚሻል አልነበረም። «ቃሉ የተነገረው ለድርጅቱ እንጂ ለሕዝቡ አይደለም» ይባላል። ይሁን። ግን አረም ሲባል የሰማ ሰው የሚያስበው መንቀልን ነው፤ የሚነቅለው ደግሞ ድርጅት አያገኝም፣ የሚያገኘው ጎረቤቱን ነው።

«ሕዝብ ተስፋ ይፈልጋል» ለሚሉ

አንዳንድ ወዳጆቼ «መሪ የሒሳብ ሹም አይደለም፤ ሕዝብ ተስፋ ይፈልጋል፣ ልቡ መነሳት አለበት» ይሉኛል። እስማማለሁ። ግን ተስፋ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ዊንስተን ቸርችል ሥልጣን ሲይዙ ለፓርላማቸው የነገሩት ደግ ቀን እንደሚመጣ አልነበረም፤ ከመከራና ከድካም ሌላ የምሰጣችሁ የለም አሉ። ምኒልክም የከብቱን ማለቅ አልደበቁም። ሰው እውነቱን ተነግሮት የሚነሳው መነሳት ይጸናል። ተሞካሽቶ የሚነሳው ግን ማግስቱን ተመልሶ ይተኛል። ያኛው ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወደ ድሬያችን እንመለስ

በዚህ ሚዛን «የፍቅር ከተማ» የሚለውን ንግግር መዝኑት። ለአድማጩ የሚሰጠው ድርሻ ምንድን ነው? ማጨብጨብ። ተናጋሪውን የሚያስረው ምንድን ነው? ምንም።

ከዚያም አልፎ የሚሸፍነው ነገር አለ። ይህቺው የፍቅር ከተማ በኢሕአዴግ ዘመን 40፡40፡20 በሚባል ቀመር ስትተዳደር ነበር፤ 40 ከመቶው ለኦሮሞ፣ 40 ከመቶው ለሶማሌ ድርጅት፣ የቀረው 20 ለሌላው። የከንቲባው ወንበርም በሁለቱ መካከል ይዞር ነበር። ቀመሩ ልክ ነው የሚል አለ፤ ግፍ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ክርክራቸውን በአደባባይ ማቅረብ ይገባቸው ነበር። ነገር ግን መድረክ ላይ ወጥቶ «እኛ ዘር አንቆጥርም» እያሉ ቢሮ ገብቶ በመቶኛ መቁጠር፣ ያ ክርክር እንዳይነሳ የማድረጊያ ዘዴ ነው። የጠየቀ ሰው «ፍቅራችንን ልታደፈርስ ነው» ይባላል። ምስጋናው ልጓም ሆነ ማለት ነው።

ሥራውንም እንይ። ድሬን የወለዳት የምድር ባቡር ነው፤ አባወራ ሁሉ ከባቡሩ ጋር የሆነ ዝምድና ነበረው። አሮጌው መስመር ሲቆም ብዙ ቤት ጭስ አጣ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ ጣቢያው ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በነሐሴ 2014 ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተመረቀ። በሁለቱም ጊዜ ስለ ድሬ መነሳት ያማረ ንግግር ተደረገ። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው፤ አልክድም። ግን የገንደ ቆሬ ወይም የሳቢያን ወጣት ከዚያ ንግግር ይዞት የሚሄደው ቁጥርና ቀን ሊኖር ይገባ ነበር። ስንት ሰው? እስከ መቼ? ካልሆነ ማንን ልጠይቅ?

ከእድርና ከአፎሻ እንማር

ይህን መጠየቅ ከውጭ የመጣ ፖለቲካ አይምሰላችሁ። ቤታችን ያለ ነገር ነው። የእድር ሰብሳቢ ወይም የአፎሻ መሪ ተነስቶ «ድንኳን እንገዛለን፣ ከየቤቱ ይህን ያህል ይዋጣ» ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ድንኳኑ የታለ? ደረሰኙስ?» አንደበቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ ከዚህ ጥያቄ አያድነውም። እናቶቻችን በጸጥታ ተቀምጠው ያዳምጡና አንዷ ትነሳለች፤ «አቦ፣ ባለፈው እንዲህ ብለኸን አልነበር?» ትለዋለች። ሰብሳቢው አይቀየምም፤ መዝገቡን ያወጣል።

ለሠፈር ድንኳን ይህን የጠየቅን ሰዎች ለከተማችን እንዴት አፋችን ተዘጋ?

እኔ የምለው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ምርጫም ይሁን ምረቃ፣ ባለሥልጣን መጥቶ ሲናገር ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን አለ፣ እስከ መቼ አለ፣ ኃላፊው ማን ነው አለ። ቀን ካልጠቀሰ «ቀን የለውም» ብላችሁ ጻፉ። አንዱን ሰው ወይም አንዱን ወገን ጠላት አድርጎ ከጠራ ደግሞ ያንን ከሁሉ በላይ አስምሩበት፤ ወገኑ የእናንተ ባይሆንም። በዓመቱ ስብሰባ ሲጠራ ያንን ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱና ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«የፍቅር ከተማ» ሲሉን እናመስግን፤ ድሬ ባህሏ ነው። ካመሰገንን በኋላ ግን እጃችንን እናውጣ።

ቸር እንሰንብት!