ውጤት እስኪመጣ፣ ምደባ እስኪወጣ



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚነካ ነው። ልጁ ሐምሌ ላይ ከፈተና ይመለሳል። ውጤት እስኪነገር ሁለት ወር ገደማ ይሄዳል፤ ምደባ እስኪወጣና ዩኒቨርሲቲው እስኪጠራ ደግሞ ሌሎች ወራት ይጨመራሉ። እኛ መምህራን በወረታ የምናየው እንደሚከተለው ነው፦ ወንዱ ልጅ ሻይ ቤት በር ላይ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፣ ከሰዓት በኋላ በርጫው ይጠራዋል፤ ወላጅም «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» ይላል። አንድ ሳምንት ቢያርፍ ማን ይቃወማል? አራት ወር ግን ዕረፍት አይባልም።

በወላጅም በልጅም ዘንድ በግልጽ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሐምሌ 2015 የተፈተኑት 3.2፣ የ2016ቶቹ 5.4፣ የ2017ቶቹ 8.4 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት የሚጠብቁት ውጤት በሩን በቀጥታ የሚከፍትላቸው አልነበረም። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። የመጠበቂያው ጊዜ ሥራ ውጤቱ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ የሚጠቅም መሆን አለበት ለማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ አለን? አለ። እንግሊዝኛና ሒሳብ በመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሹን ላላገኙና ለተመረጡ ተማሪዎች በተሰጠው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሚዲያል ትምህርትም ውስጥ አሉ። በግል ደግሞ ለሚፈተን ሰውም ያው ናቸው። ስለዚህ በቀን ሁለት ሰዓት ለእነዚህ ለሁለቱ የሰጠ ልጅ በማንኛውም በር ቢገባ አይከስርም። ከዚህ የተረፈ ጉልበት ያለው ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ሞጁሎችን ካለፈው ዓመት ገቢዎች ይዋስ። በተለይ የሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ለብዙው ተማሪ እንግዳ ስለሆነ ቀድሞ ማየቱ ይጠቅማል። የትምህርት ክፍል ምርጫ በመጀመሪያ ዓመት ነጥብ ላይ የተመሠረተ መሆኑም አይዘንጋ። ለፈተና ሲባል ሒፍዙን ያቋረጠ ልጅ ካለ፣ ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት ለዚያ ይመለስ፤ ከመኝታም ያነሣዋል።

የፎገራ ልጅ ደግሞ ሌላው የማያገኘው ዕድል አለው፤ የመጠበቂያው ወራት የሜዳው የሥራ ወራት ናቸው። ነሐሴ ላይ ውኃ በተኛበት ማሳ ሩዙን ማረም ብዙ እጅ ይጠይቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በሚቀረው እርጥበት ጓያ ይበቅላል፣ ርብና ጉማራ ዳር ያለው ገበሬም በሞተር ውኃ እየሳበ ሽንኩርት ይተክላል። (በነገራችን ላይ ሩዝ ለአካባቢው እንግዳ ሰብል ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሞከሩት፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዝርያ ስሙን ከዚያው ወሰደ። ዛሬ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው። ግብርና አልመርጥም የሚሉ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።) የከተማው ልጅ ደግሞ የአባቱን ሱቅ የዱቤ ደብተር ይውሰድና የሦስት ወር ገቢና ወጪ ለይቶ ይጻፍ፤ በክፍል የተማረውን ኢኮኖሚክስ ያን ጊዜ ይረዳዋል። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ለሠራው ሥራ ድርሻ ይቆረጥለት። ብርድ ልብሱንና የመንገዱን ገንዘብ ከራሱ ላብ ቢያወጣ ገንዘቡን በሌላ ዓይን ያየዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወንዱ ልጅ ነው። ሴቷን «ሥራ አትፍቺ» ብሎ መምከር ግን ቀልድ ይሆናል። ከፈተና በተመለሰች ማግስት ውኃው፣ ምጣዱ፣ የታናናሾቿ ልብስ፣ የእንግዳው ቡና በእርሷ ላይ ይወድቃል። «አሁን ትምህርት የለሽም» ይሏታል። ወንድሟ ትርፍ ጊዜው በዝቶበት ሲቸገር እርሷ አንድ ሰዓት አታገኝም። ስለዚህ በዚህ ቤት መደረግ ያለበት ሌላ ነው፤ ለእርሷ የተወሰነ ሰዓት ይሰጣት፣ በዚያ ሰዓት ማንም አይጥራት፣ ሥራውን ወንድሟ ይያዝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ያግዙ እንደነበር ለልጆቻችን የምናስተምረው ለዚህም አይደለምን? የጋብቻ ጥያቄም በእነዚሁ ወራት ይመጣል። ሽማግሌ ማክበር የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ውጤቷ ሳይታወቅ፣ እርሷም ሳትጠየቅ ቃል መስጠት ልጅቷን መበደል ነው። «ምደባዋ ይውጣና እንነጋገር» ማለት ሽማግሌን አያሳፍርም።

ሌላም የሚጠራ ሥራ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ወጣት ለአምስት የጎረቤት ሕፃናት በግቢው ጥላ ሥር ማንበብና መደመር ቢያስተምር፣ እርሱም ያላወቀውን ያውቃል። ለሌላው ማስረዳት የቱ ላይ እንደምንሳሳት ያሳየናል፤ ይህን እኛ መምህራን በየቀኑ እናየዋለን።

ስለ ወሬውም ጥቂት እንበል። በ2016 መስከረም መጨረሻ ውጤት ሲለቀቅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አሉባልታ ከእውነቱ ቀድሞ ደረሰ። መስመሩ ሲከፈት ደግሞ በቴሌግራም «ውጤት እናሻሽላለን፣ ምደባ እንቀይራለን» የሚሉ ሰዎች መጡ። ውጤትን በገንዘብ የሚቀይር ሰው ካለ ሌባ ነው፤ ከሌለም አጭበርባሪ ነው። ስልኩን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መመልከት ይበቃል፤ ውጤቱ የትም አይሄድም።

በመጨረሻ ወረቀቱን እናንሣ። የዩኒቨርሲቲ የጥሪ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ይሰጣል። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ጨርቅ ይጠየቃሉ። ስም በአንዱ ወረቀት «ሙሐመድ»፣ በሌላው «መሐመድ» ተብሎ የተጻፈባችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ። ይህን ለማስተካከል ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ከመቆም አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ክረምት ላይ ሰልፍ የለም።