ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የመሪ ኩሽኔታ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ልብስ ስፌት መኪና አጠባበቅ ጽፈን ነበር። ለዛሬ ያሰብነው ሌላ ነገር ነበር፤ ዳሩ ግን አንዲት እናት ከእንግሊዝ አገር የላኩልን ደብዳቤ ሐሳባችንን አስለወጠን። ባለቤታቸው በ1967 የተሠራ አንድ ትራያምፍ ቦንቪል ሞተር ብስክሌት ገዝተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈቱና እየገጠሙ እንደሚያድሱት ይገልጣሉ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሬኑም ይይዛል፤ ነገር ግን መሪው ቀጥ ባለ ጊዜ አንድ ነገር እንደ ያዘው ሁሉ ቆም ይላል። ወዳጆቻቸው በዚህ ነገር በሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ «ብዮቹን ብቻ ለውጥ» ሲላቸው፣ ሌላው «አሮጌውን ሁሉ ጥለህ ባለ ሮለሩን ግጠም» ይላቸዋል። እናቲቱ ግን የሚጠይቁን ከዚህ የተለየ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው እሑድ እሑድ ከአባቱ ኋላ ተቀምጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ዘንድ ቢፈቅዱለት ይገባ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድመን እንመልሳለን። መሪው መካከል ላይ የሚይዝ ሞተር ብስክሌት እስኪታደስ ድረስ ልጅ ቀርቶ ባለቤቱም ሊወጣበት የሚገባ አይደለም። ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን፤ አባትየውም ነገሩን ከሥሩ ቢያውቁት ከወዳጆቻቸው ምክር የትኛውን መቀበል እንደሚገባቸው ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ኩሽኔታ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከኢጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ትርጓሜው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። እንደ ብሎንና እንደ ዳዶ ሁሉ ከመካኒኮች አፍ ገብቶ የእኛ ሆኗል። ስሙም ከግብሩ ጋር ይስማማል፤ የሚዞረው ብረት ከቆመው ብረት ጋር ሳይፋተግ ተደግፎ እንዲዞር የሚያደርግ ትራስ ነውና። የሞተር ብስክሌት አካል ከፊት በኩል በአጭርና ወፍራም ቧንቧ ያልቃል፤ ይህን አንገት እንበለው። የፊተኛውን ጎማ ግራና ቀኝ የያዘው ሹካ በአንገቱ ውስጥ በሚያልፍ ዘንግ ይዞራል፤ በአንገቱም ላይኛ አፍና ታችኛ አፍ አንድ አንድ ኩሽኔታ አለ። በአሮጌዎቹ ዘንድ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሁለት ጠንካራ የብረት ቀለበቶችና በመካከላቸው የተደረደሩ ልቅ የብረት ብዮች ማለት ነው፤ አንዱ ቀለበት በአንገቱ፣ ሁለተኛው በዘንጉ ላይ ጠብቆ ይቀመጣል። የፊቱን ክብደትና የመንገዱን ምት የሚሸከመው ይልቁንም የታችኛው ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። የጎማ ኩሽኔታ በአንድ ጉዞ ብዙ ሺሕ ጊዜ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ብዮቹም መሄጃቸውን ሁሉ ስለሚያዳርሱ ድካሙ በመላው ቀለበት ላይ ይከፋፈላል። የመሪ ኩሽኔታ ግን እንዲህ አይደለም። በአውራ ጎዳና ላይ መሪው ከመካከሉ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ብይ ለብዙ ሰዓት በአንዲት ነጥብ ላይ እንደ ቆመ ይቆያል። ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ምቱ በዚያችው ነጥብ ላይ ይወርዳል፤ በዚያ የነበረውም ግሪስ በትንንሹ ንቅናቄ እየተገፋ ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም። ዓመታት ሲያልፉ ብዮቹ በቆሙበት ስፍራ ሁሉ በቀለበቱ ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ጠባሳዎች ይወጣሉ። መሪው በቀና ጊዜ ብዮቹ በአንድነት እያንዳንዳቸው በየጠባሳቸው ይወድቃሉ፤ በእጅ የሚሰማው «መያዝ» ይህ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ አንደበት ሲያስተምር የመርከብን መሪ ለምሳሌ ማንሣቱን አንባብያን ያስታውሳሉ፤ ታናሹ ነገር ታላቁን መምራቱ በሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ሁለት ጎማ ያለው ነገር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ያለማቋረጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂት በጥቂቱ እየታረመ ነው፤ ነጂው ይህን ማድረጉን ብዙ ጊዜ ራሱም ልብ አይለውም። መሪው መካከል ላይ ሲይዝ ትንሿ እርማት ትዘገያለች፤ ነጂው ጨምሮ ሲገፋ ደግሞ ብዮቹ ከጠባሳው ዘለው ይወጡና መሪው ከሚገባው በላይ ይዞራል፤ እንደገና ለመመለስም ሌላ ግፊት ያስፈልጋል። በዝግታ ሲሄዱ ይህ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ሆኖ ይታያል፤ በፍጥነት ሲሄዱ ግን መወዛወዙ እያደገ ሄዶ ከነጂው ቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ሸክሙ ወደ ኋለኛው ጎማ ያደላል፤ የፊተኛውም ስለሚቀልል ነገሩ ይብስበታል። ልጁን መከልከል አለባቸው ያልነው ስለዚህ ነው።

የላላ ኩሽኔታም የራሱ ምልክት አለው። ፍሬን ሲያዝ ከመሪው ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በተወሰነ ፍጥነትም መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የላይኛውን ዳዶ በኃይል ያጠብቅና ድምፁ ስለ ጠፋ ተፈወሰ ይላል። ዳሩ ግን ብዮቹን በቀለበቱ ላይ አብልጦ ስለሚጫን፣ መላላቱ ባመጣው ጉዳት ላይ የማጥበቁ ጉዳት ይጨመርበታል።

እንግዲህ «ብዮቹን ብቻ ለውጥ» የሚለው ምክር የማይረባ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። አዲሱ ብይ የሚወድቀው በዚያው በአሮጌው ጠባሳ ውስጥ ነው። ምክሩ ከቁጠባ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ የሚያሠራ ቁጠባ ነው። ቀለበትና ብይ እንደ አንድ ሆነው ይለወጣሉ፤ ላይኛውና ታችኛውም አብረው ይለወጣሉ።

የሁለተኛው ወዳጅ ምክር ግን መመርመር የሚገባው ነው። ብይን ለመንኮራኩር መጠቀም የቆየ ጥበብ ነው፤ ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በ1794 ለሠረገላ ዘንግ የሚሆን የብይ ኩሽኔታ የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ሾጣጣውን ሮለር ደግሞ ሄንሪ ቲምከን በአሜሪካ በ1898 አስመዘገበ። ልዩነታቸው እንዲህ ነው። ብይ ቀለበቱን የሚነካው በነጥብ ነው፤ ሮለር ግን አንድ ጫፉ ቀጠን ያለ አጭር የብረት ግንድ ስለ ሆነ በመስመር ይነካል። ያው ሸክም በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቀለበቱ ቶሎ አይጎደጉድም። ትራያምፍ ራሱ በ1971 ባወጣው፣ ዘይቱን በአካሉ ብረት ውስጥ በሚይዘው አዲስ ሥሪት ላይ ሾጣጣውን ሮለር መግጠሙ ነገሩ ዋዛ እንዳልሆነ ያሳያል።

ይሁን እንጂ የ1967ቱ አንገት የተሠራው ለብይ ነው። ሮለር ሊገጥም የሚፈልግ ሰው ሦስት ልክ መያዝ አለበት፤ የዘንጉን ውፍረት፣ የአንገቱን አፍ ስፋትና ኩሽኔታው ሲገጠም የሚኖረውን ቁመት። ሰዎች ሁለቱን ለክተው ሦስተኛውን ይረሱታል። ቁመቱ ከቀድሞው ቢበልጥ ሹካው ዝቅ ይላል፤ ለላይኛው ዳዶ የሚቀረውም ጥርስ ያንሳል፤ መሪው በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሊያርፍበት የሚገባው ማቆሚያም ሳይገናኝ ይቀራል። ኢንችና ሚሊ ሜትርም አይምታቱ። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ 1 ኢንች በሆነ ዘንግ ላይ አይገባም፤ ዘንጉን በሞረድ አሳንሶ ማስገባትም ዘንጉን ማጥፋት ነው። ለተማሪዎቻችን የሚጥም አንድ ስሌት በዚህ እናስገባ፤ በሚሊ ሜትር በተሠሩ ኩሽኔታዎች ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዛ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጣል። 30205 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሾጣጣ ሮለር ቀዳዳው 25፣ የውጪ ስፋቱ 52፣ ቁመቱ 16.25 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች ለተሠሩት ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

እኛ ብንጠየቅ ለዚህ ቤተሰብ የምንመርጠው የቀድሞውን ዓይነት፣ ቀለበትና ብይ በሙሉ አዲስ ሆኖ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለሚነዳ ሰው ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል፤ ልኩም ያለ ጥርጥር ይገጥማል። ሮለሩ የሚሻለው በጎኑ ጋሪ ለተቀጠለበት፣ ወይም በየቀኑ በክፉ መንገድ ለሚሄድ ነው። ሌላም ምክንያት አለን። ከልክ በላይ የጠበቀ ሮለር በእጅ ሲያዞሩት ለስልሶ ይዞራል፤ ስሕተቱን ይደብቃል። ብይ ግን ሲከፋ ቶሎ ይናገራል።

የብዮቹ ቁጥርና መጠን በግምት አይያዝም። በዚህ ትራያምፍ ላይ ከላይ 20፣ ከታች 20 ብዮች አሉ፤ እያንዳንዱም ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ከገበያ ገዝቶ መተካት አይቻልም። ቁጥሩ በሁሉም ላይ እኩል እንዳይመስል፣ በ1969 በወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ላይ ከላይ 18፣ ከታች 19 ነው። ሲደረደሩ ጥቂት ክፍተት ይተርፋል፤ ብዮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ የተተወ ስለ ሆነ አንድ ጨምሮ መሙላት አይገባም። አሮጌው ሲፈታም የወጡትን መቁጠር ብቻውን አያስተማምንም፤ ቀድሞ የፈታው ሰው አንድ ሁለት ጥሎ ይሆናልና።

ከመፍታት በፊት ጉዳቱ በእርግጥ የኩሽኔታ መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩ ከሥሩ በእንጨት ተደግፎ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣ። በመሪው አናት ላይ ማርገቢያ ካለ ይላላ፤ አለበለዚያ የእርሱን ክብደት የኩሽኔታ ጥፋት ያስመስላል። መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ማዞር፤ ቀጥሎም የሹካውን ታችኛ ጫፎች ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ ነው። ሲነቃነቅ ሌላ ሰው ጣቱን በአንገቱና በላይኛው ማሰሪያ መጋጠሚያ ላይ ያድርግ፤ ንቅናቄው በዚያ ከተሰማ ኩሽኔታው ነው፤ ካልተሰማ ግን ሹካው ራሱ በውስጡ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ ልጁ ከአባቱ ጋር ሊሠራው ይችላል፤ የልጅ ጣት ከአባት ጣት ይልቅ ይሰማል።

ሹካው ከመውጣቱ በፊት ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ብዮቹ እንደ ባቄላ ይበተናሉ። ሁሉም በላምባ ታጥቦ በመብራት ይታይ። አሮጌው ቀለበት ከአንገቱ የሚወጣው በረጅም ብረት ከውስጥ በኩል ተራ በተራ ዙሪያውን በመዶሻ በመምታት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ቢመቱት ያዘምና አንገቱን ይፍቃል። አዲሱን ለማስገባት ከመዶሻ ይልቅ ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ይሻላል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱ ሳያዘም ቀስ ብሎ ይገባል። ቀለበቱ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አንድ ሌሊት ቢያድር ጠበብ ስለሚል በቀላሉ ይገባል። (የቤቱ እመቤት ፈቃድ ይጠየቅ፤ በፌስታልም ይጠቅለል።) ከተቀመጠ በኋላ ከሥሩ ክፍተት እንዳይኖር ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ያልገባ ቀለበት በመንገድ ላይ ገብቶ ይጨርሳልና መሪውም ያን ጊዜ ይላላል። ሮለር የሚገጥም ሰው በዘንጉ ላይ ሲያስገባ የሚገፋው የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ ነው፤ ሮለሮቹን ወይም የያዛቸውን ስስ ቆርቆሮ የመታ አዲሱን ዕቃ ገና ሳይሄድ አበላሸው። ከታች የሚገባውም የአቧራ መከላከያ አስቀድሞ መግባቱ አይረሳ።

ውኃ የሚቋቋም ግሪስ በብዛት ይቀባ፤ ብዮቹ በግሪሱ ተጣብቀው በየቦታቸው ስለሚቆዩ ዘንጉን ለማስገባት ይረዳል።

የሚቀረው ማስተካከሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ዳዶው የሚጠብቀው መነቃነቁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ መሪው ከመካከል በጣት ነካ ሲደረግ በራሱ ክብደት ወደ ዳር መውደቅ አለበት። ሮለር ከሆነ በመጀመሪያ ጠበቅ አድርጎ መሪውን ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማዞር፤ ቀጥሎ ዳዶውን መልሶ ማላላት፤ በመጨረሻም በቀላሉ ማጥበቅ ነው። የላይኛው ማሰሪያ ብሎን ሲጠብቅ ልኩን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይደገማል። የፍሬንና የነዳጅ ገመዶች መሪውን እንዳይጎትቱም ይታይ።

ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቀለበቶቹ በቦታቸው ስለሚረጉ ጥቂት መላላት ይመጣል። ያን ጊዜ ጎማው እንደገና ተነሥቶ፣ ሹካው ተነቅንቆ፣ ዳዶው በጥቂቱ ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ አባትየው ብቻቸውን ይንዱ።