ፋይል ስናሳጥር ስንት ብሎክ እንጽፋለን?

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ኮምፒውተር ቤት ሲገባ፣ በመሀል መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አይዘነጋም። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለ ብሎክ ሁሉ ለብልሽት የተጋለጠ ነው። የፍላሽ ሕዋስም ሊደመሰስ የሚችለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አላስፈላጊ ጽሕፈትን መቀነስ ለእኛ ቅንጦት አይደለም እንላለን።

ምሳሌ እንውሰድ። ዲስኩ በ4,096 ባይት ብሎኮች የተከፈለ ቢሆን፣ 10,000 ባይት ያለው ፋይል 3 ብሎኮች ይይዛል። ወደ 5,000 ባይት ስናሳጥረው ሦስተኛው ብሎክ ነጻ መሆኑን መመዝገብ ይበቃል፤ ይዘቱን በዜሮ መሙላት አያስፈልግም። ከሁለተኛው ብሎክ የተረፈው 3,192 ባይት ግን በዜሮ መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ ፋይሉ ኋላ ሲረዝም አሮጌው ጽሑፍ ብቅ ይላል። ወደ 8,192 ባይት ብናሳጥረውስ? የሚሸፈን ትራፊ የለም፤ መዝገቡ ይታደሳል እንጂ አንድም የመረጃ ብሎክ አይጻፍም። ይህን ሳይለይ ዘወትር የሚጽፍ ፕሮግራም ውጤቱ ትክክል ቢሆንም አባካኝ ነው።

ጉዳዩ ትልልቆቹንም የፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ሊኑክስ የገባው ኤክስት3 ትልቅ ፋይል ሲሰርዝ የብሎክ አድራሻዎችን እየዞረ በዜሮ ይሞላ ነበር። በ2008 ለአገልግሎት የበቃው ኤክስት4 ተከታታይ ብሎኮችን በአንድ መዝገብ ስለሚይዝ ድካሙ ቀለለ።

በትምህርት ክፍሎቻችን ግን «ፕሮግራሙ ሠራ ወይ?» እንጂ «ስንት ብሎክ ጻፈ?» ተብሎ ሲጠየቅ እምብዛም አንሰማም። ያንኑ ፋይል አንዴ ወደ 5,000፣ አንዴ ወደ 8,192 አሳጥሮ የተጻፉትን ብሎኮች መቁጠር በአንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው።